የተሸኘውን ታካሚ ደውለን እንጠይቅ

በአፍሪካ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ሕይወቱ የሚያልፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 «ላንሴት» የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በ25 የአፍሪካ አገሮች፣ በ247 ሆስፒታሎች ከ11 ሺህ በላይ ታካሚዎችን ተከታትሎ ነበር። ታካሚዎቹ በዕድሜ ወጣቶች ናቸው፤ ተደራቢ ሕመም ያለባቸውም ብዙ አይደሉም። የመሞት ዕድላቸው ግን ከዓለም አማካይ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ሕይወታቸው ካለፈ 239 ሰዎች መካከል 225ቱን ያጣናቸው ከቀዶ ጥገናው ቀን በኋላ ነው። ሐኪሙ ምላጩን አስቀምጦ፣ ቁስሉ ተሰፍቶ፣ ቤተሰብ «ተመስገን» ካለ በኋላ ማለት ነው።

ይህም ሆኖ ጥናቱ የቆጠረው ሆስፒታል ውስጥ እያሉ የሆነውን ብቻ ነው። ተሸኝተው ወደ ቀያቸው ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት የያዛቸው፣ ስፌታቸው የተከፈተ፣ ቁስላቸው ያመረቀዘባቸው ከቁጥሩ ውስጥ የሉም። በዓለም ደረጃ በየዓመቱ 4.2 ሚሊዮን ሰው ቀዶ ጥገና ከተደረገለት በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ እንደሚሞት ተመራማሪዎች ይገምታሉ። ይህ ኤችአይቪ፣ ወባና ቲቢ ተደምረው ከሚገድሉት ይበልጣል። ለእነዚያ ለሦስቱ ዘመቻ አለን፣ በጀት አለን፣ በየቀበሌው የሚያስተምር ሰው አለን። እነዚህ 30 ቀናት ግን ባለቤት የላቸውም።

ባለቤት እንስጣቸው። ጥሪዬ ይህ ነው። የሚያስፈልገው መሣሪያ ደግሞ ከአብዛኞቻችን ኪስ ውስጥ አለ፤ ስልክ ነው።

እስቲ የመሸኛውን ቀን እናስበው። በኦፕራሲዮን የወለደች አንዲት እናት እንውሰድ። አልጋው ለሌላ ይፈለጋል፤ ኮሪደሩ ላይ ስትሬቸር ላይ የተኛች ወላድ ትጠብቃለች። ለባልየው ወይም ለእናትየው አንድ ወረቀት ይሰጣል። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ጽሑፉ የችኮላ ነው፤ የሚያነበው ሌላ ሐኪም ካልሆነ በቀር ቤት ውስጥ የሚገባው ሰው የለም። «በሳምንቱ ትመጪያለሽ፤ ትኩሳት ካለሽ ቶሎ ነይ» ይባላል። ሕፃኑ ይጠቀለላል፣ ኮንትራት ታክሲ ወይም ባጃጅ ይፈለጋል፣ ከዚያ መናኸሪያ፣ ከዚያ ኮረኮንች መንገድ። እናትየው በየጉድጓዱ ሆዷን በእጇ ደግፋ ትሄዳለች። ቤት ስትደርስ ጎረቤት ተሰብስቦ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል፣ ገንፎው ይገነፋል፤ ወረቀቱም ሳጥን ውስጥ ይገባል።

የቀዶ ጥገና ቁስል ሲያመረቅዝ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ወይም በሁለተኛው ሳምንት ነው። ሴትዮዋ ያኔ ቤቷ ናት። ፋሻው ረጠብ ይላል። ያቃጥላታል። ይህ ጤነኛ ሕመም ነው ወይስ የክፉ ምልክት? የምትጠይቀው ሰው የለም። ሆስፒታል ልሂድ ብትል የትራንስፖርቱ ገንዘብ ለሕክምናው አልቋል፤ ሄዳ «ምንም የለብሽም፣ ለምን መጣሽ» ብትባልስ? አንዱ ማር ቀቢበት ይላታል፣ አንዱ ቅቤ፣ አንዱ ፋሻውን ፈትተሽ ጠበል አስነኪው። በእነዚህ ሰዎች አልፈርድም፤ የሚወዷት ናቸው፤ ያላቸውን ምክር ነው የሰጧት፤ የተሻለ የሚመክር አጠገቧ አልነበረም። በመጨረሻ በቃሬዛ ተሸክመዋት ሲመለሱ ግን በክኒን ይድን የነበረው ነገር ደም ውስጥ ገብቶ ይገኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መረጃ በአፍሪካ በኦፕራሲዮን ከሚወልዱ እናቶች እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት ቁስላቸው ኢንፌክሽን ይይዛል። ከአምስት እናቶች እስከ አንዷ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ይዛችሁ የምታውቋቸውን አራሶች በስም እየጠራችሁ ቁጠሩ።

ይህን ክፍተት ለመድፈን ዓመታት የደከሙ ተመራማሪዎች አሉ። ሥራቸውን ጠጋ ብለን እንድናየው እፈልጋለሁ፤ የተሠራው ኑሮውና መንገዱ ከእኛ ገጠር ጋር በሚመሳሰል ቦታ ነውና። ቦታው በምሥራቅ ሩዋንዳ፣ ታንዛኒያ ድንበር ላይ ያለው የኪሬሄ ወረዳ ነው። ቴዎኔስት ንኩሩንዚዛና ባልደረቦቹ፣ «ፓርትነርስ ኢን ሄልዝ» ከተባለው ድርጅትና ከሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው፣ በኪሬሄ ሆስፒታል በኦፕራሲዮን የወለዱ እናቶችን ከተሸኙ በኋላ ተከታተሉ። በ10ኛው ቀን አካባቢ ቁስላቸው ሲታይ ከአሥር እናቶች አንዷ ገደማ ኢንፌክሽን ይዟት ተገኘ። ማንም ባይፈልጋቸው ኖሮ አብዛኞቹ ቤታቸው ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር።

ከዚያ ጥያቄያቸውን አንድ እርምጃ ወደፊት ወሰዱት። በመንደሩ ያለች የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ ስልክ ይዛ እናትየው ቤት ሄዳ፣ የተዘጋጁትን ጥያቄዎች ጠይቃ፣ ቁስሉን ፎቶ አንስታ ለሐኪም ብትልክ፣ እናትየው መንገድ ሳትወጣ ቁስሉ ማመርቀዙን ማወቅ ይቻላል ወይ? የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሪቻርድ ፍሌቸር በበኩሉ ኮምፒውተር እነዚህን ፎቶዎች አይቶ ኢንፌክሽን ያለበትን ከሌለበት እንዲለይ ማሠልጠን ጀመረ። ስልክ ላይ የሚገጠም፣ ሙቀትን የሚያይ ትንሽ ካሜራም ሞከሩ። ምክንያቱ ለእኛ በቀጥታ የሚመለከተን ነው፤ በሕክምና መጻሕፍት «ቁስሉ ዙሪያውን ይቀላል» የሚባለው ምልክት በጠቆረ ቆዳ ላይ በቀላሉ አይታይም። ሙቀቱ ግን በየትኛውም ቆዳ ላይ ያው ሙቀት ነው።

በዚህ ሥራ ከሁሉ የማከብረው ካሜራውን አይደለም። ተመራማሪዎቹ ስለ ማሽኑ ከማሰባቸው በፊት እናትየው ቤት በእግሯ የምትደርሰው ማን ናት ብለው መጠየቃቸውን ነው። ፎቶ ብቻውን ሁሉን አይናገርም። ጨለማ ቤት ውስጥ የተነሳ ከሆነ ምንም አይናገርም። ሐኪም በጣቱ ነክቶ የሚያውቀውን፣ በአፍንጫው የሚለየውን ሽታ ስክሪን አያሳየውም። ስለዚህ ጥያቄውም ፎቶውም ጤና ሠራተኛዋም አንድ ላይ መሄድ አለባቸው።

ያደጉት አገሮችም ወደዚሁ እየመጡ ነው። በስኮትላንድ ኤድንብራ ከተማ ድንገተኛ የሆድ ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው 492 ሰዎች ለግማሽ ያህሉ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ15ኛው ቀን በስማርት ስልካቸው ጥያቄ እየተላከ፣ ቁስላቸውን ፎቶ አንስተው እንዲልኩ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ውጤት እንዳሳየው፣ ከተለመደው ክትትል ጋር ሲወዳደር በስልክ የተከታተሏቸው ሰዎች ኢንፌክሽናቸው በመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት ውስጥ የመታወቅ ዕድሉ ወደ 4 እጥፍ የተጠጋ ነበር። የቤተሰብ ሐኪም በየሰፈሩ ባለበት አገር ይህን ያህል ከጠቀመ፣ ሐኪሙ የቀን መንገድ በሚርቅበት አገር ምን ያህል እንደሚጠቅም አስቡት።

እኛስ ባዶ እጃችንን ነን? አይደለንም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው አሉን፤ ደመወዝ የሚከፈላቸው፣ የሠለጠኑ፣ የየቤቱን በር የሚያውቁ እህቶቻችን ናቸው። ብዙዎቹ የቤተሰብ መረጃ የሚመዘግቡበት ታብሌት ተሰጥቷቸዋል። «ላይፍቦክስ» የተባለው ድርጅት ከኢትዮጵያ ሐኪሞች ጋር «ክሊን ከት» በሚለው ሥራው እጅ መታጠብን፣ የዕቃ ንጽሕናን፣ አንቲባዮቲክ በሰዓቱ መስጠትን የመሳሰሉ ስድስት ነገሮችን አጥብቆ በመያዝ ብቻ በተሳተፉት ሆስፒታሎቻችን ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚመጣውን ኢንፌክሽን በ35 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ያንን ያደረጉት የእኛ ነርሶችና የእኛ ሐኪሞች ናቸው። የተሸኙትን ታካሚዎች በስልክ ተከታትለውም ውጤቱን መዝግበዋል። መንገዱ በአገራችን ተሞክሯል፤ የቀረው የፕሮጀክት ሥራ መሆኑ ቀርቶ የዘወትር ሥራ እንዲሆን ማድረግ ነው።

አሁን ስለ ጥሪው ስለ ራሱ ልናገር፤ ስልኩ ሲደወል ምን ይባላል? እዚህ ላይ ብዙ ሥራ ይበላሻል። የእኛ ሰው «እንዴት ነዎት?» ሲባል መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ነው። በ39 ዲግሪ ትኩሳት ውስጥ ሆኖም እንዲሁ ይላል። ጨዋነቱ ነው፤ ሐኪሙን ላለማስቸገር፣ ደዋዩን ላለማሳዘን ነው። ስለዚህ ከውጭ ተተርጉሞ የመጣ «ከ1 እስከ 10 ሕመምዎ ስንት ነው?» የሚል መጠይቅ እናቶቻችን ዘንድ አይሠራም። ነርሷ እንዲህ ትጠይቅ፦ «እማማ፣ ፋሻው ደረቅ ነው ወይስ ረጥቧል? ቀሚስዎ ላይ የነካ ነገር አለ? ቀለሙ ምን ይመስላል? ሽታ አለው? ሌሊት ብርድ ብርድ ብሎዎት ልብስ ደርበዋል? ሕመሙ ከትናንት ዛሬ ቀሎታል ወይስ ብሷል? እግርዎ አንዱ ከሌላው አብጧል? ትንፋሽ ያጥርዎታል? እህል ይበላልዎታል? ክኒኑ ስንት ቀረ? እስቲ ቆጥረው ይንገሩኝ።» «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ እውነት ነው፤ ግን ያልተጠየቀ ሰው ደበቀ አይባልም።

ሌላም አለ። ካርዱ ላይ የተጻፈው ስልክ የማን ነው? የባልየው ሊሆን ይችላል፤ እሱም እርሻ ነው። የጎረቤት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ከተማ ሄዷል። ስልኩ ቻርጅ የሚደረገው በገበያ ቀን ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሲሸኙ ሁለት ቁጥር ይመዝገብ፤ ስልኩ የሚከፈትበት ሰዓት ይጠየቅ፤ ከሁለቱ አንዱም ካልተነሳ በማግስቱ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤቷ እንድትሄድ ይነገራት። መስመር በተቋረጠባቸው አካባቢዎችማ ያለን ይኸው የእህቶቻችን እግር ነው፤ ዝርዝሩ አስቀድሞ ይድረሳቸው።

«ነርሶቹ አሁንም ፋታ የላቸውም» የሚለኝ አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ ድካማቸውን አይቻለሁ። ግን እናስላው። በቀን 10 የቀዶ ጥገና ታካሚ የሚሸኝ ሆስፒታል ለእያንዳንዱ ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው 5 ደቂቃ ቢደውል በቀን 150 ደቂቃ ይሆናል። ሁለት ሰዓት ተኩል። ያልተነሳውን መልሶ መደወሉን፣ መመዝገቡን ብንጨምርበት የአንድ ሰው ግማሽ ቀን ነው። በሌላው በኩል ደግሞ ቁስሏ ፈንድቶ ተመልሳ የምትተኛ አንዲት ታካሚ ስንት ቀን አልጋ ትይዛለች፣ ስንት ፋሻ፣ ስንት አንቲባዮቲክ፣ የስንት ነርስ ሌሊት ትወስዳለች? የሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች፣ ይህን ስሌት በራሳችሁ ቁጥር ሥሩት። ከዚያ ለቀዶ ጥገና ዎርድ አንድ ስልክ፣ አንድ ነርስ፣ አንድ መዝገብ መድቡ። መተግበሪያ እስኪሠራ አትጠብቁ። የጀመራችሁት በደብተር ይሁን፤ ግን በዚህ ወር ይጀመር። የመሸኛ ወረቀቱንም ሰው በሚያነበው ቋንቋ ጻፉት፤ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ፣ በትግርኛ፣ በሲዳምኛ። አደገኛ ምልክቶቹን በሥዕል አሳዩ።

በዩኒቨርሲቲና በየቢሮው ኮድ የምትጽፉ ወጣቶች፣ እናንተን እንፈልጋችኋለን። ነገር ግን አንዲት መስመር ከመጻፋችሁ በፊት ዎርዱ ውስጥ ተቀመጡ። ፋሻ ሲቀየር እዩ፤ አስታማሚዋ ቁጥር ስትሰጥ ስሙ። ስማርት ስልክ የሌለው ሰው በተራ ስልክ ቁጥር ተጭኖ የሚመልስበትን፣ ማንበብ የማይችል ሰው በራሱ ቋንቋ ድምፅ ሰምቶ የሚመልስበትን ሥሩልን። የሚያሳስብ መልስ ሲመጣ የተረኛ ሐኪም ስልክ ላይ የሚጮኽ ይሁን። መልእክቱ ደርሶ የሚያየው ከሌለ፣ ታካሚው «ነግሬያቸዋለሁ፣ ይደውሉልኛል» ብሎ ተማምኖ ቤቱ ይቀራል፤ ይህ ምንም ካለመኖሩም የከፋ ነው። ኮምፒውተርን ቁስል ለማስለየት የምትመራመሩም፣ በሌላ አገር ሰው ቆዳ የሠለጠነ መሣሪያ ተቀብላችሁ አትጫኑብን። የእኛን ሰው ቁስል በእኛ ሰው ፈቃድ፣ በእኛ ሐኪሞች ዓይን አጥኑት።

ፈቃድ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የኦፕራሲዮን ወላድ ቁስል ያለው ከእምብርት በታች ነው። ዛሬም በየቴሌግራሙ የቁስል ፎቶ ከታካሚ ወደ ሐኪም፣ ከሐኪም ወደ ሐኪም ይሄዳል፤ አብዛኛው በቅን ልብ ነው፤ ሥርዓት ግን የለውም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ሆስፒታሎች ይተዳደሩበት። ፎቶውን የምታነሳው ሴት ባለሙያ ትሁን፣ ፊት አይግባበት፣ በጎረቤት ልጅ ስልክ ላይ አይቅር። አንዲት እናት ፎቶዋ እንደወጣ ከሰማች መንደሩ ሁሉ በሩን ይዘጋብናል፤ ልክም ነው።

ኢትዮ ቴሌኮምና ሳፋሪኮም፣ ነፃ አጭር ቁጥር ስጡን። በኮሮና ጊዜ የሚደወልበትን 8335 ቁጥር ያላወቀ አልነበረም፤ ስልክ በደወልን ቁጥር እጃችንን እንድንታጠብ የሚነግረን ድምፅ ይቀድም ነበር። ያን ያደረገ አገር ቀዶ ጥገና ለተደረገለት ሰው ሌሊት የሚያነሳለት ቁጥር ሊሰጠው ይችላል። ጤና ሚኒስቴርም «ሳልትስ» በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀውን የቀዶ ሕክምና መርሐ ግብር ከጀመረ ዓመታት ሆኖታል። እያንዳንዱ ሆስፒታል ለስንት ሰው ቀዶ ጥገና እንዳደረገ ብቻ ሳይሆን፣ በ30ኛው ቀን ስንቱ በጤና እንዳለ ሪፖርት ያድርግ። ያልተጠየቀ ቁጥር አይሰበሰብም።

በአሜሪካና በአውሮፓ ሆስፒታሎች የምትሠሩ ኢትዮጵያውያን ነርሶችና ሐኪሞች፣ ታካሚ ከተሸኘ በኋላ ደውሎ መጠየቅ ለብዙዎቻችሁ የዕለት ሥራ ነው። ጥያቄው እንዴት እንደሚጠየቅ፣ የትኛው መልስ «አሁኑኑ ና» እንደሚያሰኝ፣ የትኛው እስከ ነገ እንደሚቆይ ታውቃላችሁ። ያገለገለ ማሽን በኮንቴይነር ከመላክ በፊት ይህን እውቀት ላኩልን። ከአንድ ሆስፒታል ጋር ተጣመሩ፤ ጥያቄዎቹን አብራችሁ አዘጋጁ፤ በሌሊታችሁ የእኛን ቀን፣ በቀናችሁ የእኛን ሌሊት ተረኛ ሐኪም አማክሩ። ከሪያድ፣ ከቤይሩት፣ ከዋሽንግተን ለእናታችሁ የኦፕራሲዮን ገንዘብ ልካችሁ በየቀኑ የምትደውሉ ልጆችም፣ «ደህና ነሽ?» ብላችሁ አትዝጉ። ፋሻው ረጥቧል ወይ በሏት። ቪዲዮ ከሆነ ቁስሉን በብርሃን አሳዪኝ በሏት።

ዕድሮች፣ የእናቶች ኅብረቶች፣ የሰንበት ትምህርት ቤቶችና የመስጊድ ጀማዓዎች፣ ታማሚ መጠየቅን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ጥየቃው አንድ ነገር ይጨመርበት። የተሸኘው ሰው ቤት ስትሄዱ ከመካከላችሁ አንዱ ወረቀቱን ይጠይቅ፣ ቀጠሮውን ያስታውስ፣ ስልክ የሌለውን ሰው ከነርሷ ጋር ያገናኝ፣ ለመመለሻ ትራንስፖርት ያጠረውን አዋጡለት። ቀሳውስትና ሼሆች፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ውኃ እንዳይነካው ብላችሁ የተናገራችሁት አንድ ቃል ከሐኪሙ አሥር ምክር በላይ ይሰማል።

እናንተም ዘመዳችሁ በዚህ ሳምንት ቀዶ ጥገና የሚደረግለት፣ ወረቀቱን ተቀብላችሁ ብቻ አትውጡ። የዎርዱን ስልክ ቁጥር ጠይቁ፤ የራሳችሁንም ሁለት ቁጥር አስመዝግቡ። የትኛው ምልክት ሲታይ ሳትውሉ ሳታድሩ መምጣት እንዳለባችሁ በቋንቋችሁ አስነግሩ፤ በስልካችሁ ድምፁን ቅዱት። ከዚያ ነርሷን ወይም ሐኪሙን በአክብሮት፣ ግን መልስ ሳታገኙ ሳትሄዱ፣ ይህን ጠይቋቸው፦ «የምትደውሉልን በስንተኛው ቀን ነው?»